ደለሉም ውኃውም የጋራችን ነው
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ሃያ ደቂቃ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ስለ ነፃ ሕክምና ዘመቻ የማወራ መስሏቸው ነበር። ስለ ልጆች፣ ስለ ዛፍና ስለ አፈር መናገር እፈልጋለሁ ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ ሳቅ ብሎ «እንግዲህ ስቴቶስኮፕሽን ይዘሽ ዛፍ ልትመረምሪ ነው?» አለኝ። ጥያቄው አላስከፋኝም፤ ብዙዎቻችሁም በልባችሁ ሳትጠይቁት አትቀሩም። እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። በ1999 ዓ.ም. ከዚሁ ግቢ ተመርቄ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የማየው ሳል፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የምግብ እጥረት ነው። ይህ ከዛፍ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ያገናኘዋል። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ አክሜ ስሸኘው የሚመለሰው ወደዚያው ውኃ ነው። ጭስ በታፈነበት ቤት ያደረች ሕፃን የሳንባ ምች ይዟት ስትመጣ አንቲባዮቲክ እንሰጣታለን፤ ድና የምትገባው ግን እዚያው ጭስ ውስጥ ነው። ብልሃርዚያ የያዘው እረኛ ፕራዚኳንቴል ወስዶ ይድናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከብቶቹን ይዞ እዚያው ወንዝ ይወርድና ይዋኛል። እኛ ከወንዙ በታች ቆመን የተጎዳውን እናነሳለን። ላይኛው ዳር ሄዶ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ሐሳብ እኔ አላመጣሁትም፤ የተማርኩት እዚሁ ነው። ይህ ተቋም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲከፈት ያሠለጥን የነበረው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ነበር። ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ስለዚህ ሽንት ቤት የሚያስቆፍረውና ምንጭ የሚያጎለብተው ባለሙያ ወደዚህ ግቢ የገባው ከሐኪሙ በፊት ነው። እኛ ሐኪሞች አንዳንዴ እንረሳዋለን እንጂ የቤቱ ታናናሾች ነን።

በቡድን ሥልጠናው ጊዜ የነበረውን አስታውሱት እስቲ። የሕክምናው፣ የነርሲንጉ፣ የላቦራቶሪው፣ የአካባቢ ጤናው ተማሪ ባንድ ተጭኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ባንድ ቤት አድረን፣ ሽሮ ተካፍለን፣ ቤት ለቤት ዞረን ሽንት ቤት ቆጥረን፣ ምንጭ አይተን እንመለሳለን። ያኔ እግሬን እያመመኝ አማርር ነበር፤ ዛሬ ግን ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ በዐይኔ የሚመጣው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራችን ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰባት ሆነን ጀመርነው። ሁለት ሐኪሞች፣ አንዲት ነርስ፣ የባዮሎጂ መምህር፣ ጡረታ የወጡ የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና አንዲት ጎረቤቴ። ማኅበር አልመሠረትንም፤ ማኅተም የለንም፣ ቢሮ የለንም፣ ስምም የለንም። ያለን በወር ሁለት ቅዳሜ ነው። ከጎንደር ከተማ አንድ ትምህርት ቤት፣ ከአንገረብ ወንዝ ተፋሰስ ላይኛው በኩል ደግሞ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት መርጠን፣ ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን እናገናኛለን። አንድ ቅዳሜ የከተማዎቹ ወደ ገጠር ይሄዳሉ፤ ሌላ ቅዳሜ የገጠሮቹ ወደ ከተማ ይመጣሉ።

ለምን አንገረብ? የከተማችን ሰው መልሱን በጄሪካኑ ያውቀዋል። ለጎንደር መጠጥ ውኃ ተብሎ የተሠራው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ መሆኑን የውኃ ባለሙያዎች ደጋግመው አጥንተውታል። ደለል ማለት ደግሞ ሌላ ነገር አይደለም፤ የላይኛው አገር ገበሬ ማሳ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር እርቃኑን ከቀረው ተዳፋት ታጥቦ ይወርድና ግድቡ ውስጥ ይተኛል። እላይ ያለው ልጅ የእናቱ ማሳ ሳሳ፣ እታች ያለው ልጅ የእናቱ ጄሪካን ባዶ ሆነ። ሁለቱ ልጆች ተያይተው አያውቁም፤ ችግራቸው ግን አንድ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት የምንጀምረው በሁለት ባዶ ሃይላንድ ነው። ጎናቸውን እንቀድና እናስተኛቸዋለን። አንዱ ውስጥ ሣር ከነሥሩና ከነአፈሩ፣ ሌላው ውስጥ ባዶ አፈር እናደርጋለን። ከሥራቸው ብርጭቆ እንደቅንና ልጆቹ ራሳቸው በጆግ ውኃ ያፈስሱባቸዋል። ከሣሩ በኩል ውኃው ቀስ እያለ፣ እየተንጠባጠበ፣ ጠራ ብሎ ይወርዳል። ከባዶው አፈር በኩል ቡና መስሎ ባንዴ ይወርዳል። እኛ ምንም አንልም። ልጆቹ ራሳቸው መጮህ ይጀምራሉ። ከዚያ ተነሥተን በእግራችን እንሄድና ቦረቦሩን እናያለን፤ በሌላ ቀን ደግሞ ከገጠሮቹ ጋር ወርደን ግድቡን እናያለን። ከላይ የመጣ አንድ ልጅ የግድቡን ቡናማ ዳር ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና «ይሄ የእኛ አፈር ነው እንዴ?» አለ። አጠገቡ የነበረች የከተማ ልጅ መለሰችለት፦ «አዎ፣ እኛ የምንጠጣውም ይሄንኑ ነው።» ከዚህ የበለጠ ትምህርት እኔ አላዘጋጅም።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ስንጀምር ሰው ሁሉ የነገረን «የገጠር ልጆችን ስለ ተፈጥሮ ማስተማራችሁ ጥሩ ነው» እያለ ነበር። እስቲ ከአንድ የገጠር ልጅ ጋር አንድ ሰዓት በጫካ ሂዱ። የቱ እንጨት ለሞፈር፣ የቱ ለቀንበር፣ የቱ ለወተት ዕቃ ማጠኛ እንደሚሆን ይነግራችኋል። አጋምና ቀጋ መቼ እንደሚበስል፣ ዋንዛ ሥር መቼ መሰብሰብ እንደሚገባ ያውቃል። የከተማ ልጆቻችን ደግሞ ስለ አማዞን ደንና ስለ በረዶ ድብ በእንግሊዝኛ ተምረዋል፤ ከቤታቸው በር ላይ የቆመውን ወይራ ግን ስሙን አያውቁትም። ስለዚህ ጫካ ውስጥ ስንገባ መምህሩ እረኛው ነው፤ እኛ ሐኪሞቹና መምህራኑ ከኋላ እንከተላለን። በክፍል ውስጥ ዝም የሚል፣ ለስሙ እንኳ ድምፁን የማያወጣ ልጅ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። የከተማዎቹ ደብተር አውጥተው እሱ የሚለውን ይጽፋሉ።

ታዲያ የገጠሩ ልጅ ከእኛ ምን ያገኛል? የሚያውቀው ነገር ዋጋ እንዳለው የሚነግረው ሰው ያገኛል። ትምህርት ቤት የገባው «እንደ አባትህ ገበሬ እንዳትሆን» እየተባለ ነው። የዛፍ ስም ማወቅ የመሃይም ምልክት መስሎታል። በተጨማሪም የሚያየውን ነገር ምክንያት ያገኛል፦ ምንጩ ለምን እንደደረቀ፣ ቀንድ አውጣው ከሆድ ሕመሙ ጋር ምን እንዳገናኘው።

ለዚህም ሦስት ታሪኮች አሉኝ፤ ለሁሉም ልጆች እነግራቸዋለሁ። ለእናንተም ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ሦስቱም የሕክምና ታሪኮች ናቸውና።

የመጀመሪያው የእንዶድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ብልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ አካባቢ ወርደው ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እዚያ ወንዝ ዳር ከእሳቸው በፊትም ብዙ ሰው አልፏል፤ እሳቸው ግን ቆመው ጠየቁ። ብልሃርዚያ ያለ ቀንድ አውጣ ሰው ጋር አይደርስም፤ እንዶድ ደግሞ ቀንድ አውጣውን ይገድላል። ለዚህ ሥራቸው ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተሸለሙ። ልጆቹን «እንዶድ የት አለ?» ብዬ ስጠይቃቸው የገጠሮቹ ሮጠው ሄደው ቆርጠው ያመጡልኛል። «እናታችሁ ልብስ የምታጥብበት ቁጥቋጦ በዓለም ሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል» ስላቸው ፊታቸውን ብታዩት! ወዲያው ደግሞ «ታዲያ እሱ ስላለ ወንዝ ገብታችሁ ዋኙ ማለት አይደለም» እላለሁ፤ ሐኪምነቴ አይለቀኝም።

ሁለተኛው የኮሶ ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች ስንወጣ የምናልፋት ኮሶዬ ስሟ ራሱ ይህን ዛፍ ያስታውሳል። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይበሉ ነበር፤ እኛም አልተውንም። የኮሶ ትል ሲያስቸግራቸው የዚህን ዛፍ አበባ ዘፍዝፈው ይጠጡ ነበር። በሽታውም መድኃኒቱም ባንድ ስም የሚጠራበት ቋንቋ ነው ያለን። ዛሬ ክኒኑ አለን፤ የኮሶው መጠን ሲበዛ ሰውን እንደሚጎዳም እናውቃለን፤ ስለዚህ ቤታችሁ እንዳትሞክሩት እላቸዋለሁ። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ደጋው ላይ ኮሶ እየቀነሰ ነው። ገና ያልተመረመረ ስንት ቅጠል በዚሁ መንገድ እየሄደ እንደሆነ ማን ያውቃል? መድኃኒት ቤቱ ሳይቆጠር እየተቃጠለ ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ለሐኪሞች ቅርብ ነው፦ የጥንብ አንሳ ታሪክ። በሕንድና በጎረቤቶቿ ጥንብ አንሳዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባንዴ አለቁ፤ ነጭ ወገብ ያለው ዝርያ ከመቶ አንድ እንኳ አልተረፈም። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ። ለታመሙ ከብቶች ይሰጥ የነበረ ዳይክሎፌናክ ነው። አዎ፣ እኛ በየቀኑ ለወገብ ሕመም የምንጽፈው ያው ዳይክሎፌናክ። መድኃኒቱ በሰውነቱ እያለ የሞተ ከብት ሲበሉ ኩላሊታቸው ተበላሽቶ ይሞታሉ። ጥንብ አንሺው ሲጠፋ ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ፣ ውሻው በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም ተከተለ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 መድኃኒቱ ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከለከለች። በእኛ አገር ደግሞ ጅብና ውሻ ለመግደል የሚጣል መርዝ ጥንብ አንሳውንም አብሮ ይጨርሰዋል። ልጆች ጥንብ አንሳን በድንጋይ ይወረውራሉ፤ አስቀያሚ ነው ይላሉ። ይህን ታሪክ ከሰሙ በኋላ ግን አንዱ ሲወረውር ሌላው ይቆጣዋል፦ «ተው አንተ፣ እሱ እኮ የጤና ጥበቃ ሠራተኛ ነው!» ይለዋል።

ከታሪኩ ወጥተን ወደ ኑሮው ስንገባ ነገሩ ይከብዳል። አንድ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ምንጩ በላይ ስላሉት ዛፎች እየተነጋገርን ሳለ፣ የአንዷ ተማሪ እናት ጭራሮ ተሸክመው በአጠገባችን አለፉ። ሸክማቸውን አውርደው ቆመው ሰሙን። ስንጨርስ እንዲህ አሉኝ፦ «ዶክተር፣ የሚሉት ሁሉ ልክ ነው። አንቱ ማታ ቤትዎ ሲገቡ ምድጃው በመብራት ይሞቅልዎታል። እኔ በምን ላብስል?»

ይህን ጥያቄ ዘለን የምናስተምረው የተፈጥሮ ጥበቃ ትምህርት ልጅን ከእናቱ ጋር ማጣላት ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማገዶ የትምህርቱ ክፍል ሆነ። ጡረተኛው የልማት ሠራተኛችን ጋሼ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከጭቃ እንዴት እንደሚሠራ ለእናቶቹ አሳዩ፤ ልጆቹ ጭቃውን ረገጡ። ስለ ባሕር ዛፍም በግልጽ እንነጋገራለን። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ ችግር መፍትሔ ሆኖ ነው የመጣው፤ ዛሬም ለብዙ ቤተሰብ ማገዶም፣ ማገርም፣ የትምህርት ቤት ደብተር መግዣም እሱ ነው። ጠላት ብለን አናስተምርም። የምንለው፦ ከምንጩ ይራቅ፣ ከማሳ ይለይ፣ ምንጩ ዙሪያ ግን ዋንዛ፣ ወይራ፣ ሾላ ይቁም ነው። ባሕር ዛፉ በቦታው ሲቆም ወይራው በቦታው ይተርፋል። ስለ ኩበትም እንዲሁ፤ የሚነደው ኩበት ማሳው ያጣው ማዳበሪያ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ለወላጆቻቸው ነግረዋቸዋል። እኚያ እናት ዛሬም እንጨት ይሸከማሉ፤ ቀንሶላቸዋል እንጂ አልቀረላቸውም። ይህንን ሳልነግራችሁ ሥራው ሰመረ ብዬ ብናገር ለእሳቸው ታማኝ አልሆንም።

አንድ ነገር ግን ከእኛ በፊት ሲሠራ ኖሯል። በላይኛው አገር ዛፍ ማየት ስትፈልጉ ዐይናችሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትጥሉት። በተራቆተ ኮረብታ ላይ ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ደብር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ለዓመታት አጥንተዋል። ካህናቱና ምእመናኑ በደኑ ዙሪያ ድንጋይ ሲክቡ፣ ከብት ስለማይገባ ችግኝ ከትላልቆቹ ዛፎች ሥር ራሱ ይበቅላል። ድንጋዩም ከማሳው ስለሚለቀም ገበሬው ሁለት ጊዜ ይጠቀማል። እኛም ልጆቹን ይዘን እንገባለን፤ የኔታ ጥላው ሥር አስቀምጠው ስለ ደኑ ያጫውቷቸዋል፤ ጉሬዛ ካለ ልጆቹ ከየኔታ ይልቅ ወደ ላይ ያያሉ። ከልጆቻችን መካከል ሙስሊሞችም አሉ። ለእነሱ ወላጆች አስቀድመን እንነግራለን፤ የተከለለ ተራራ ላይም እኩል ጊዜ እናሳልፋለን። አንድ ሼህ ደግሞ መጥተው ለውዱእ የሚሆን ውኃ እንኳ እንዳይባክን ሃይማኖታቸው እንደሚያዝ ለሁሉም ልጆች አስረዱ። ልጆቹ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ውኃ የሁሉም መሆኑ ነው።

ችግኝ እንተክላለን ወይ? እንተክላለን፤ ግን ጥቂት። አገራችን ችግኝ መትከል ታውቅበታለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነግሯል። የሚከብደው ሁለተኛው ክረምት ድረስ ማቆየቱ ነው። ሐምሌ ላይ ይተከላል፣ ታኅሣሥ ላይ ፍየል ይበላዋል፣ የካቲት ላይ ይደርቃል። ስለዚህ እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ችግኝ ሁለት ባለቤት አለው፤ አንዱ የገጠር፣ አንዱ የከተማ ልጅ። የገጠሩ ያጥራል፣ ያጠጣል፤ የከተማው በመጣ ቁጥር በክር ይለካዋል፣ በደብተሩ ይጽፋል። ዘሩንም የሚለቅሙት ራሳቸው ናቸው። «ችግኜ እንዴት ነው?» ብሎ ከከተማ ስልክ የሚያስደውል ልጅ አለን። ለጤና ጥበቃ ሙያ የምንለው ነገር እኮ ይኸው ነው፤ መርፌ ወግቶ መሄድ ሳይሆን ለሁለተኛው ክትባት መመለሱን ማየት ነው።

ደግሞም የሐኪም ነገር ስለሆነ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ልጅ ይዛችሁ ስትወጡ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። ለዐሥር ልጅ አንድ ዐዋቂ ይመደብ። የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ አይቀር። ወንዝ ውስጥ ማንም አይገባ። ንብ ባለበት ጩኸት የለም። ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና፤ ሳሙናውን እኛ እንያዝ።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ፤ ለዚህም ነው እፊታችሁ የቆምኩት። ስንጀምር ሰባት ነበርን፤ ዛሬ ሦስት ነን። አንዱ ውጭ አገር ሄደ፣ አንዷ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፣ የሌሎቹ ኑሮ ፋታ አልሰጣቸውም። ማንንም አልወቅስም። መንገዱ የማያስተማምንባቸው ወራት ደግሞ አሉ፤ ያኔ ልጅ ይዞ መውጣት አይቻልም። ቆይተን ስንመለስ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ጠበቀችኝና «እትዬ ዶክተር፣ እናንተ ስትቀሩ እኛ ብቻችንን ብንሄድስ?» አለችኝ። የጠየቀችው ፈቃድ ነበር። ለካ እኛ በሌለንባቸው ቅዳሜዎች የገጠሮቹ ልጆች በራሳቸው እየተሰበሰቡ ችግኞቹን ሲያጥሩ ከርመዋል። የመጀመሪያዎቹ ልጆቻችን አሁን ሁለተኛ ደረጃ ደርሰዋል፤ ታናናሾቻቸውን የሚመሩት እነሱ ናቸው። ይህ ደስ ያሰኘኛል። ግን ልጆች ብቻቸውን የዐዋቂን ሥራ እንዲሠሩ መተው ተገቢ አይደለም። የከተማዎቹም ልጆች እኛ ካልወሰድናቸው በራሳቸው አይሄዱም፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ እኛ ነን፤ ድልድዩም ሦስት ሰው ላይ ነው የቆመው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ በጎንደርና በአካባቢዋ ያላችሁ፦ በዓመት ሁለት ቅዳሜ ስጡን። ብዙ አይደለም። ሃያ ሰው ሁለት ሁለት ቅዳሜ ቢሰጥ ዓመቱ ሞላልን ማለት ነው። የዛፍ ስም ማወቅ አይጠበቅባችሁም፤ ልጆቹ ያስተምሯችኋል። ከሌላ ከተማ የመጣችሁ ደግሞ ይህን እዚያው ጀምሩት። ባሕር ዳር ያላችሁ ጣናና እምቦጩ እደጃችሁ ናቸው፤ የምታስተምሩበት ነገር አታጡም።

ሁለተኛ፣ የተከበራችሁ መምህሮቻችን፦ ተማሪዎቹ ለቡድን ሥልጠና ሲወጡ ግማሽ ቀን ለአካባቢው ትምህርት ቤት ቢመደብላቸው ምን ይመስላችኋል? ሽንት ቤት የሚቆጥር ተማሪ ከልጆች ጋር ምንጩን ቢያይ፣ ከምንጩ በላይ ምን እንዳለ ቢመዘግብ፣ ለሁለቱም ትምህርት ነው። አዲስ በጀት አያስፈልገውም፤ አንድ መስመር በፕሮግራሙ ላይ መጨመር ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ከውጭ የመጣችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፦ እናንተ ሁልጊዜ «ምን እንላክ?» ትላላችሁ። ለአውቶቡስ ኪራይ ብትልኩ እናመሰግናለን፤ አንደብቅም። ከዚያ በላይ የምፈልገው ግን አንድ መጽሐፍ ነው። ልጆቹ ለዓመታት በደብተር የጻፉት የዛፍ ስም፣ ጥቅምና ሥዕል አለን። እረኛው ተናግሮ፣ የከተማው ልጅ ጽፎ ያዘጋጁት ነው። ይህ በአማርኛ፣ በቀለም፣ በጥሩ ወረቀት ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ቢገባ፣ የእናንተም ልጆች እዚያ ሆነው የአያታቸውን አገር ዛፍ በስሙ ይጠሩታል። ሥዕል የሚችል፣ ኅትመት የሚያውቅ፣ የዕፅዋትን ሳይንሳዊ ስም የሚያስተካክልልን ሰው ካለ ዛሬውኑ ይንገረኝ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሰዎች በዕድሜያችን ብዙ ሕፃን አድነናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የዳነው ሕፃን የሚጠጣው ውኃና የሚያርሰው አፈር እንዲኖረው ማድረግም የሕክምናው ቀጣይ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። የሚቀጥለው ጉዟችን ከበዓሉ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ፊት ለፊት አውቶቡሱ ይቆማል። ኮፍያና ጠንከር ያለ ጫማ አድርጉ፤ ዳቦውን እኛ እንይዛለን። የስም መመዝገቢያውን ወረቀት ከሻይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እስክሪብቶም አብሮት አለ።